ዘይቱ የት ሄደ? የክሬን ሲሊንደር ችግር እንዴት ይመረመራል

ተሽከርካሪ ክሬን ላይ የተገጠመ የሃይድሮሊክ ሲሊንደር ዘይቱን በሁለት መንገድ ያጣል። አንዱ ለዓይን ግልጽ ነው፤ ዘይቱ በዘንጉ ላይ ወርዶ ወይም በሲሊንደሩ አንገት ተንጠባጥቦ መሬቱን ያረጥባል። ሌላው ከውጭ አይታይም፤ ዘይቱ ከማሽኑ ሳይወጣ በፒስተኑ ዙሪያ ሾልኮ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ያልፋል፣ ወይም በቫልቭ በኩል ወደ ታንክ ይመለሳል። የመጀመሪያው መሬት ያቆሽሻል፣ ዘይት ያስገዛል። ሁለተኛው ጭነት ያወርዳል፣ ክሬን ያዘማል። ሁለቱ አንዳንዴ አብረው ይመጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን አይገናኙም። ዘይት የሚያንጠባጥብ ሲሊንደር ጭነቱን ቀኑን ሙሉ ሳይነቃነቅ ሊይዝ ይችላል፤ ጭነት የሚያወርደው ደግሞ ውጪው ደረቅና ንጹሕ ሆኖ ይገኛል።

በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚሠራ መጋዘን ግቢ የቆመ፣ 25 ቶን የሚያነሳ ክሬን ይታሰብ። ኦፕሬተሩ ማምሻውን አራቱን እግሮች መሬት አስረግጦ፣ ጎማዎቹን ከመሬት አላቅቆ፣ በውኃ ልክ አስተካክሎ ሄዷል። ጠዋት ሲመለስ የውኃ ልኩ አረፋ ወደ ግራ ፊት ሸሽቶ ያገኘዋል፤ የቀኝ የኋላ እግር ዝቅ ብሏል ማለት ነው። በዚያው እግር ሥር በተነጠፈው እንጨት ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ዘይት ተጠራቅሟል። ረዳቱ ነገሩን ወዲያው ይቋጨዋል፤ «ጎሚኒው አልቋል!»

ጎሚኒ የሚባለው ዘይቱን የሚያግደው ማኅተም ነው፤ ረዳቱ ልክ ሊሆን ይችላል። ግን እስካሁን የታዩት ሁለት ነገሮች፣ መዝመሙና ጠብታው፣ ምክንያታቸው አንድ መሆኑ አልተረጋገጠም። ምርመራው የሚጀምረው ሁለቱን ለያይቶ ከመለካት ነው።

መጀመሪያ የሚለካው የክሬኑ ዝንባሌ ሳይሆን ዘንጉ ነው። ከሲሊንደሩ አንገት እስከ እግሩ ሰሌዳ ያለው የዘንግ ርዝመት ማታና ጠዋት ተለክቶ እኩል ከሆነ ሲሊንደሩ ጥፋት የለበትም፤ የሰመጠው መሬቱ ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መረሬ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ሌሊት ዝናብ ከጣለ ጠዋት እግሩ የቆመበት መሬት የትናንቱን ያህል አይሸከምም። ማታ ርዝመቱን ለክቶ መጻፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ይህች ደቂቃ ስለማትገኝ ብቻ ስንት ደህና ሲሊንደር ያለ ጥፋቱ ይፈታል።

ዘንጉ በእርግጥ 12 ሚሊ ሜትር ገብቶ ከተገኘ ቀጣዩ ጥያቄ ዘይቱ የት ሄደ የሚለው ነው። የውስጥ ዲያሜትሩ 140 ሚሊ ሜትር፣ የዘንጉ ዲያሜትር 100 ሚሊ ሜትር በሆነ ሲሊንደር የፒስተኑ ስፋት 154 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ዘንጉ 1 ሚሊ ሜትር በገባ ቁጥር ጭነቱን ከተሸከመው ክፍል 15 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት መልቀቅ አለበት፤ ለ12 ሚሊ ሜትር 185 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ዘይቱ በፒስተኑ በኩል አልፎ በአንገቱ ወጥቷል ቢባል እንኳ፣ ግማሹ ያህል በዘንጉ ዙሪያ የሰፋውን ክፍል ይሞላና ከ90 ሚሊ ሊትር በላይ ውጭ መፍሰስ ነበረበት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። እንጨቱ የጠጣው ቢታከልበትም ሂሳቡ አይሞላም። ስለዚህ ጠብታው እውነት ነው፣ መዝመሙም እውነት ነው፤ ጠብታው ግን መዝመሙን አያስረዳም።

ለዚህ ምክንያቱ በሲሊንደሩ አሠራር ውስጥ አለ። ፒስተኑ ሲሊንደሩን ለሁለት ይከፍለዋል። በአንዱ ወገን ያለው ዘይት ሙሉውን የፒስተን ፊት ይገፋል፤ በሌላው ወገን ዘንጉ መሐሉን ስለያዘው ዘይቱ የሚገፋው በዙሪያው የቀረውን ቀለበት ብቻ ነው። የክሬን እግርም ሆነ የክሬኑን ክንድ (ቡም) የሚያነሳው ሲሊንደር ጭነቱን የሚሸከሙት በሙሉው ፊት ወገን ነው። በአንገቱ ላይ ያለው የዘንግ ጎሚኒ የሚይዘው ግን የዘንጉን ወገን ዘይት ነው። ክሬኑ በእግሩ ቆሞ ሳለ በዚያ ወገን ግፊት እምብዛም ሊኖር አይገባም። እንግዲህ ከአንገት የሚንጠባጠብ ዘይት ብቻውን ጭነት አያወርድም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ክሬኑ በእግሩ እንደቆመ፣ አንገቱ ያለማቋረጥ ካንጠባጠበ ግን ግፊቱ ከየት መጣ ተብሎ መጠየቅ አለበት። ከጭነቱ ወገን በፒስተኑ በኩል እየተሻገረ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የውጪው ጠብታ የውስጡን ጥፋት ያሳብቃል።

ጎሚኒም ሆነ ቫልቭ ከመወንጀሉ በፊት ሙቀት መታየት አለበት። የሃይድሮሊክ ዘይት በ1 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለውጥ መጠኑ ወደ 0.077 በመቶ ይቀየራል። አኃዙ ትንሽ ይመስላል። በሥራ ሞቆ 45 ዲግሪ የደረሰ ዘይት በደጋ ሌሊት ወደ 12 ዲግሪ ቢወርድ 2.5 በመቶ ያህል ይኮማተራል፤ 400 ሚሊ ሜትር የወጣ የእግር ዘንግ አንዲት ጠብታ ሳይጠፋ 10 ሚሊ ሜትር ይገባል። ቡሙን የሚያስረዝመው ሲሊንደር 10 ሜትር ወጥቶ ከነበረማ 25 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። የክሬን አምራቾች በመመሪያ መጽሐፎቻቸው የዚህን ሰንጠረዥ የሚያወጡት ኦፕሬተሩ ያጠረውን ቡም አይቶ ሲሊንደሩ ተበላሸ እንዳይል ነው። የሙቀቱ ምልክት እኩልነቱ ነው። አራቱ እግሮች በተመሳሳይ ልክ ወጥተው ከነበረ አራቱም ተቀራራቢ ልክ ይገባሉ፣ ዘይቱ የአየሩን ሙቀት ሲይዝም ያቆማሉ። አንዱ እግር ብቻ ከወረደ፣ ወይም ዘይቱ ከቀዘቀዘ በኋላም መውረዱ ከቀጠለ ሙቀት ምክንያት አይሆንም። በምሳሌው ክሬን ሦስቱ እግሮች እያንዳንዳቸው 2 ሚሊ ሜትር ገብተው አራተኛው 12 ከሆነ፣ ከሙቀት የመጣው 2 ብቻ ነው፤ የቀረው 10 ሚሊ ሜትር ባለቤት ይፈለግለታል።

እዚህ ላይ ብዙ ዓመት የሠሩ መካኒኮችን ሳይቀር የሚያሳስት ነገር አለ። ሲሊንደሩ በዘይት ተሞልቶ ሁለቱም የዘይት በሮቹ ከተዘጉ፣ የፒስተኑ ጎሚኒ ሙሉ በሙሉ ቢነቀል እንኳ ጭነቱ አይወድቅም። ዘንጉ ወደ ውስጥ ሲገባ ራሱ ቦታ ይይዛል፤ ያ ቦታ የዘይት ነበር። ዘይቱ ከሲሊንደሩ መውጫ ካጣ ዘንጉም መግቢያ ያጣል። የሚለወጠው ግፊቱ ነው። 10 ቶን በ154 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ሲያርፍ ግፊቱ 64 ባር ያህል ነበር። ጎሚኒው ከሌለ ግፊቱ በሁለቱም ወገን እኩል ይሆናል፣ ጭነቱን የሚሸከመውም የዘንጉ 78.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ ወደ 125 ባር ያድጋል። ዘንጉ ዘይቱ እስኪጨመቅ ድረስ ጥቂት ሚሊ ሜትር ገብቶ ይቆማል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለምርመራው ሁሉ መሠረት ነው። አንድ ሲሊንደር ሳያቋርጥ እየገባ ከሆነ፣ ዘይት ከሲሊንደሩ ውጭ የሚሄድበት መንገድ አለ። መንገዱ በጭነቱ ወገን የተገጠመው መቆለፊያ ቫልቭ ሊሆን ይችላል። ወይም ዘይቱ በፒስተኑ አልፎ በዘንጉ ወገን ቱቦ፣ በማዘዣ ቫልቩ በኩል ወደ ታንክ ይሄዳል። ወይም ደግሞ በፒስተኑ አልፎ በአንገቱ ይወጣል። «ጎሚኒው አልቋል» የሚለው ፍርድ ከእነዚህ የመጀመሪያውን ጨርሶ አይነካም፣ የሁለተኛውንም ግማሽ ብቻ ይነካል። ጎሚኒ ተለውጦ ክሬኑ በማግስቱ እንደገና ሲወርድ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የመቆለፊያው ቫልቭ ነው።

መቆለፊያ ቫልቭ በክሬን ላይ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሲሊንደሩ ላይ በቀጥታ የሚታሰረው፣ በእሱና በሲሊንደሩ መካከል ቱቦ እንዳይኖር የሚደረገው፣ ቱቦ ቢፈነዳ እንኳ የጭነቱ ዘይት ተዘግቶ እንዲቀር ነው። በእግሮች ላይ የሚገጠመው በማዘዣው ግፊት ሲከፈት ብቻ የሚለቅ ባለ አንድ አቅጣጫ ቫልቭ ነው። ቡም በሚያነሳውና በሚያስረዝመው ሲሊንደር ላይ ያለው ደግሞ አወራረዱን የሚቆጣጠር፣ በጭነቱ ከሚፈጠረው ከፍተኛ ግፊት በላይ ተስተካክሎ የሚቀመጥ ነው። ሁለቱም የሚዘጉት ብረት በብረት ላይ በጥብቅ ሲያርፍ ነው። በመቀመጫው ላይ ያረፈች የብረት ቅንጣት ወይም የጎሚኒ ፍርፋሪ መዝጋቱን ታስቀራለች።

ቫልቩን መጠርጠር ቀላል፣ ማረጋገጡም ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የእግሩ ማንሻ ወደ መሰብሰቢያ ቢገፋ ዘንጉ መነቃነቅ የለበትም፤ ከተነቃነቀ ቫልቩ አይዘጋም። ክሬኑ አራት እግር ያለው መሆኑም ለመርማሪው ትልቅ ዕድል ነው። ቡሙ በማረፊያው ተኝቶ፣ ክሬኑ በጎማው ቆሞ፣ ግፊቱ ሁሉ ከተለቀቀ በኋላ የወረደው እግር የቫልቭ ካርትሬጅ (ተነቅሎ የሚወጣው የቫልቩ አካል) ከደህናው እግር ጋር ይቀያየራል። በሚቀጥለው ሌሊት ችግሩ ካርትሬጁን ተከትሎ ወደ ሌላው እግር ከሄደ ጥፋተኛው ታውቋል። እዚያው ከቀረ ዓይን ወደ ሲሊንደሩ ይዞራል። ለዚህ ሙከራ የሚወጣው ወጪ ከአንድ የጎሚኒ ስብስብ ዋጋ ያነሰ ነው፤ ሆኖም መጀመሪያ መሞከር ሲገባው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚታሰበው እሱ ነው።

ፒስተኑን ለመፈተን ክሬኑ ቢንቀሳቀስ የሚያርፍበት የእንጨት ድጋፍ ከሥሩ ይደረደራል። ከዚያ የዘንጉ ወገን ቱቦ ከግፊት ነፃ መሆኑ ተረጋግጦ ይፈታል፣ በሩ ክፍት ሆኖ ይታያል። ዘንጉ እየገባ ከበሩ ዘይት ከወጣ ፒስተኑ ያሳልፋል። ዘንጉ እየገባ ምንም ካልወጣ፣ ይልቁንም በሩ አየር ከሳበ፣ ዘይቱ የሚሸሸው በጭነቱ ወገን በመቆለፊያው በኩል ነው። ከዚህ ይበልጥ የተለመደው ሌላው ሙከራ ያለ ጭነት የሚደረገው ነው። ሲሊንደሩ እስከ መጨረሻው ይወጣል፣ ግፊቱ ይለቀቃል፣ የዘንጉ ወገን ቱቦ ተፈትቶ ቱቦው ይደፈናል፤ በሙሉው ፊት ወገን እንደገና ግፊት ሲሰጥ ከክፍቱ በር በደቂቃ ስንት እንደሚወጣ በመለኪያ ይያዛል። መጀመሪያ የሚፈሰው በክፍሉ ውስጥ የቀረ ዘይት ስለሆነ እስኪያቆም መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህ ሙከራ አንድ ጉድለት አለው፤ ጎሚኒውን የሚፈትነው መጨረሻው ላይ ብቻ ነው። ሲሊንደሩ መሐል ላይ ተጭሮ ወይም ሰፍቶ ከሆነ ጫፍ ላይ ይይዛል፣ መሐል ላይ ያሳልፋል። ስለዚህ በተለያየ ርዝመት ላይ የተለካ የመውረድ ፍጥነት ከአንድ ጫፍ ሙከራ የበለጠ ይናገራል።

በዚህ ሁሉ ሥራ፣ ከላይ በተባለው በእንጨት የተደገፈ ክሬን ላይ ከግፊት ነፃ ከሆነው የዘንጉ ወገን ቱቦ በቀር፣ ጭነት በያዘ ሲሊንደር ላይ ቱቦም ሆነ ቫልቭ አይፈታም። ቡም የሚያነሳው ሲሊንደር የሚመረመረው ቡሙ በማረፊያው ወይም መሬት ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ከዚህ ያልተናነሰው አደጋ ደግሞ በዓይን የማይታየው ቀጭን ፍንጣቂ ነው። ከ200 እስከ 300 ባር የሚሠራ ሥርዓት ላይ ከመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ ትንሽ ነጥብ ይመስላል፣ መጀመሪያ ላይ ብዙም አያምም፤ ውስጡ ግን ሕብረ ሕዋሱን እየገደለ ይሰራጫል። የተወጋው ሰው በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሐኪም ካላየው እጁን ሊያጣ ይችላል። ፍንጣቂ የሚፈለገው በካርቶን ወይም በእንጨት ነው፤ በእጅ ፈጽሞ አይዳሰስም፣ በጓንትም ቢሆን። ለሐኪሙም የገባው የሃይድሮሊክ ዘይት መሆኑ በግልጽ መነገር አለበት።

የውጪው ፍሳሽ ምርመራ ከውስጡ ያነሰ ሐሳብ፣ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዘይትና የሲሚንቶ አቧራ ተጋግረው የያዙት ሲሊንደር ምንም አይናገርም፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጥቂት ጊዜ ሠርቶ ነው የሚታየው። ዘይት ወደ ታች ስለሚወርድ ጠብታው የታየበት ቦታ ምንጩ ላይሆን ይችላል፤ በሲሊንደሩ አንገት ላይ የተገኘው ዘይት ከላይ ካለ የቱቦ ማያያዣ የመጣ ሊሆን ይችላል። ዘንጉ ላይ ስስ የዘይት ቅባት መኖሩ ጤናማ ነው፤ ጎሚኒው ያለ እሱ ይቃጠላል። ዘንጉ ሲገባ አንገቱ ላይ ቀለበት ሠርቶ የሚጠራቀምና የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ጎሚኒው ወይም ዘንጉ ታሟል። የዘንጉ ክሮም ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር መቶኛዎች አያልፍም። ጭረትና የዝገት ጉድጓድ መኖሩ ጥፍር ወይም ጥጥ በላዩ በማንሸራተት ይታወቃል፤ ጥፍር የያዘው ቦታ ጎሚኒውንም በእያንዳንዱ ምልልስ ይልጠዋል። ዘንጉ እንደዚህ ሆኖ ሳለ አዲስ ጎሚኒ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው።

ጠብታው የሚታይበት ሰዓትም ይጠናል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ በ1795 የሃይድሮሊክ መጭመቂያውን ባስመዘገበ ጊዜ ማሽኑን ያስቸገረው ይኸው የዘንግ ፍሳሽ ነበር፤ አብሮት ይሠራ የነበረው ሄንሪ ሞድስሌይ ግፊቱ ራሱ ከንፈሩን እየከፈተ ዘንጉ ላይ የሚያጣብቀው የቆዳ ማኅተም አበጅቶ ፈታው። የዛሬው ባለ ከንፈር ጎሚኒም የሚሠራው በዚያው ሐሳብ ነው። ስለዚህ ግፊት ሲጨምር በደንብ ይይዛል፣ ግፊት ሲጠፋ ይላላል። በሥራ ሰዓት ደረቅ ሆኖ ቆሞ ሲያድር የሚያንጠባጥብ ሲሊንደር ከንፈሩ ደርቆ መመለሻ ኃይሉን ያጣ ጎሚኒ እንዳለው ይጠረጠራል። በሥራ ሰዓት የሚፈስ ከሆነ የተቆረጠ ጎሚኒ፣ የተጫረ ዘንግ ወይም የተሰነጠቀ ብየዳ ይፈለጋል። አንዲት ጠብታ በሴኮንድ በቀን ከ4 ሊትር በላይ መሆኗም አይዘነጋ።

ቡም የሚያስረዝመው ሲሊንደር የራሱ ወጥመድ አለው። በብዙ ክሬኖች ዘይቱ ለሁለቱም ወገን የሚደርሰው በዘንጉ ውስጥ ባለፈ ቱቦ ነው። የዚያ ቱቦ ማኅተም ሲላላ ዘይቱ በዘንጉ ውስጥ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ያልፋል፤ ምልክቱም ከፒስተን ጎሚኒ ጥፋት ጋር አንድ ነው። የፒስተን ጎሚኒ ተለውጦ፣ ቫልቩ ተፈትሾ፣ ቡሙ አሁንም የሚያጥር ከሆነ ይህ ይታሰባል። የቡሙ ክፍሎች በፒን በሚቆለፉባቸው አዳዲስ ክሬኖች ላይ ደግሞ ጭነቱን የሚሸከመው ፒኑ ስለሆነ የሲሊንደሩ መንሸራተት ያን ያህል ትርጉም የለውም።

የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት አስተዳደር በ2010 ያወጣው የክሬን ደንብ በዓመታዊው ፍተሻ ውስጥ በፒስተን በኩል በሚያልፍ ዘይት የሚመጣን መንሸራተት ለብቻው፣ የዘንግ ጎሚኒና የብየዳ ፍሳሽን ለብቻው፣ የዘንግ ጭረትንና የሲሊንደር መጎድጎድንም እንደዚሁ ለይቶ ይዘረዝራል። በአንድ ዓምድ «ሲሊንደር፦ ደህና» ብሎ ማለፍ እነዚህን ልዩነቶች ያጠፋቸዋል።

ሲሊንደሩ መፈታት ካለበት አሮጌው ጎሚኒ ሳይታይ አይጣልም። ጠርዙ ተጨምቆ ወደ ክፍተት የወጣ ጎሚኒ ግፊቱ ከልክ ማለፉን ወይም ክፍተቱ መስፋቱን ይመሰክራል። ደርቆ የተሰነጠቀው በሙቀት የተጎዳ ነው። በርዝመቱ የተጫረ ከሆነ ዘይቱ ቆሻሻ ነበር። በአንድ ጎኑ ብቻ ያለቀው የጎበጠ ዘንግ ወይም ያለቀ መሪ ቀለበት ያመለክታል፤ ያበጠውና የለሰለሰው ደግሞ የማይስማማው ፈሳሽ ነክቶታል። ምክንያቱ ካልተወገደ አዲሱም በዚያው መንገድ ያልቃል። ምትክ ሲገዛም ልኩ መግጠሙ አይበቃም፤ ጎሚኒው የተሠራበት ነገር ለግፊቱ፣ ለሙቀቱና ለዘይቱ ዓይነት የሚሆን መሆን አለበት።

ከተገጠመ በኋላ ሲሊንደሩ ያለ ጭነት ደጋግሞ ወጥቶ ገብቶ አየሩ ይወጣለታል፤ ውስጡ የቀረ አየር ዘንጉን ያርገበግበዋል፣ ጭነት ሲያርፍበትም ያሰምጠዋል፣ ያልጠፋ ችግር ያለ ያስመስላል። ከዚያ በታወቀ ጭነት፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የዘይቱ ሙቀት ተለክቶ፣ የዘንጉ ርዝመት በየ10 ደቂቃው ይመዘገባል። መመዘኛው አምራቹ ለዚያ ክሬን የሰጠው ልክ ነው። የተገኘው አኃዝ ከቀኑና ከሙቀቱ ጋር በክሬኑ መዝገብ ይገባል፤ በሚቀጥለው ምርመራ የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው።